ሸጠውልን ሄዱ

«ይህ ሞዴል ቆሟል፤ መለዋወጫ አይመጣለትም።» በካሜራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ይህን መልስ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። የሚነግረው ጠጋኙ ነው፤ እሱ ግን ምን ያድርግ፣ የተነገረውን ነው የሚደግመው። ጥፋቱ ካሜራውን ሠርቶ፣ በየአደባባዩ አስተዋውቆ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ካበቃ በኋላ ፊቱን ያዞረው ኩባንያ ነው። እኛ ፎቶ አንሺዎች ይህን ብሶት በየሰርግ ቤቱና በየስቱዲዮው እርስ በርሳችን ስናወራው ኖረናል። የሚሰማን ግን አላገኘንም። ሰልችቶናል።

ካሜራ ብቻውን የሚገዛ ዕቃ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። መጀመሪያ ቦዲው ይገዛል፤ ቀጥሎ ሌንሱ፣ ከዚያ ለሰርግ የሚሆን ሌላ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ትርፍ ባትሪ። አብዛኛው ኩባንያ ሌንሱ የሚገጠምበትን አፍ በራሱ ልክ ነው የሚሠራው፤ የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ በቀጥታ አይገጥምም። አንዱን ኩባንያ የመረጠ ሰው ታዲያ ዓመት በዓመት እየቆጠበ በዚያው መስመር ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ሌንሶቹ ተደምረው ከቦዲው ዋጋ ይበልጣሉ። ኩባንያው አንድ ቀን «አቁሜያለሁ» ሲል ይህ ሁሉ ጥሪት አብሮ ይቆማል።

ይህን ንግድ ያስፋፋው ጆርጅ ኢስትማን እንዲህ አልጀመረውም። በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የኮዳክ ካሜራ በ25 ዶላር ሲሸጥ ውስጡ ለ100 ፎቶ የሚበቃ ፊልም ነበረው። ገዢው አንስቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ኒውዮርክ ውስጥ ወዳለችው ሮቸስተር ይልከዋል። እዚያ ፊልሙ ይታጠባል፣ ፎቶው ይታተማል፣ ካሜራው አዲስ ፊልም ጎርሶ ከነፎቶዎቹ ለባለቤቱ ይመለሳል። ገዢው ቁልፏን ይጫን፣ የቀረው የእኛ ሥራ ነው የሚል ቃል ነበር የተገባለት። ፎቶግራፍ ከሀብታምና ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ተራው ሰው ቤት የገባው በዚህ ቃል ነው። ያኔ ካሜራ መሸጥ ከገዢው ጋር የረጅም ጊዜ ጉዳይ መጀመር ነበር።

ያው ኮዳክ በ1935 ያወጣውን ኮዳክሮም የተባለ የከለር ፊልም በ2009 ማምረት አቆመ። ፊልሙ መቅረቱ ባልከፋ። ኮዳክሮም ግን ከሌላው የከለር ፊልም የተለየ ነው፤ ቀለሙ የሚገባው በሚታጠብበት ጊዜ ነው። እጥበቱ ልዩ ኬሚካልና ልዩ ማሽን ስለሚጠይቅ በግል ጨለማ ክፍል የሚሞከር ሥራ አይደለም። በስተመጨረሻ ይህን ፊልም የሚያጥብ በዓለም ላይ አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ። እሱም ከዲሴምበር 30 ቀን 2010 በኋላ ፊልም መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በእናቱ መሳቢያ ውስጥ ያልታጠበ ኮዳክሮም ያገኘ ሰው ጥቁርና ነጭ አድርጎ ሊያወጣው ይሞክር ይሆናል እንጂ የእናቱን ቀሚስ ቀለም አያየውም። ፎቶው ተነስቷል፤ ፊልሙም አለ። የጠፋው የማጠቢያው መንገድ ነው።

ኮዳክ ቢያንስ ቀደም ብሎ ተናግሯል። ሳምሰንግ ያን ያህል እንኳ አላደረገም። በ2014 ኮሎኝ ላይ በተካሄደው የፎቶኪና ትርኢት ኤንኤክስ1 የተባለ ካሜራ አቀረበ፤ 28 ሜጋፒክሰል፣ በሰከንድ 15 ፎቶ የሚያነሳ፣ 4ኬ ቪዲዮ የሚቀርጽ። በጊዜው ብዙ ባለሙያ አደነቀው፤ የነበራቸውን ሸጠው ወደ እሱ የዞሩም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራው ከአንዱ አገር ገበያ ወጣ፣ ከዚያ ከሌላው። ገዢዎች ቀጣዩን ሞዴል ሲጠብቁ፣ ኩባንያው ዲጂታል ካሜራ ማምረትና መሸጥ ማቆሙ በግልጽ የተሰማው በ2017 ነው። እስከዚያው ድረስ ሌንስ ሲገዙ የቆዩ ሰዎች አሉ። ለዚያ ካሜራ አፍ ቦዲ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ስለሌለ ሌንሶቹ የሚሸጋገሩበት ቤት የላቸውም። እኔን የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ሥራ ማቆም የባለቤቱ መብት ነው፤ እያወቁ ዝም ብሎ መሸጥ ግን ገዢን መጉዳት ነው።

በሥራ ላይ ያሉትም ቢሆኑ በራቸውን እያጠበቡ ነው። ኒኮን አሜሪካ ውስጥ በ2012 ለግል ጠጋኞች መለዋወጫ መሸጥ አቆመ። እሱ ራሱ ፈቃድ ሰጥቷቸው የነበሩ ከደርዘን በላይ ጥገና ቤቶች ግን ቀርተው ነበር። የእነሱም ውል በ2020 ማርች መጨረሻ ላይ ሳይታደስ ቀረ። ያኔ ያን ለሚያህል አገር የቀሩት የኩባንያው ሁለት የጥገና ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ ኒውዮርክ፣ ሌላው ሎስ አንጀለስ አካባቢ። ለብዙ ዓመታት የሰፈሩን ካሜራ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ እጁ ላይ ያለው ዕውቀት በአንድ ደብዳቤ ዋጋ አጣ። ዴንቨር ወይም አትላንታ ያለ ሰው ካሜራውን አሽጎ በፖስታ ይልካል፤ ጠጋኙን ፊት ለፊት አግኝቶ «እዚህ ጋ ነው ችግሩ» ብሎ ማሳየት ቀርቷል።

ጩኸት የሚሰማው መቼ እንደሆነም አይተናል። በ2012 የወጣው የኒኮን ዲ600 ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ እየረጨ ፎቶ ያበላሽ ነበር። ገዢዎች ከአገር አገር አማረሩ። በ2013 ሸተሩ የተለወጠ ዲ610 ወጣና አሮጌውን የገዛው ሰው አዲሱን በመስኮት እያየ ቀረ። በማርች 2014 የቻይና ብሔራዊ ቴሌቪዥን በሸማቾች ቀን ነገሩን አጋለጠው፣ ባለሥልጣናቱም ሽያጩን አስቆሙ። ኒኮን ዋስትናው ላለፈበት ካሜራ ጭምር ሸተሩን በነጻ እቀይራለሁ ያለው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር፤ ጥገናው ካልፈታው ካሜራውን ራሱን እለውጣለሁ ያለው ግን ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው በእጁ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ገዢ ለምኖ ያላገኘው አንድ መንግሥት ሲቆጣ በቀናት ውስጥ ተገኘ። መንግሥቱ የማይቆጣለት ገዢስ?

በሰው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፎቶም ዋስትና የለውም። ላይትሮ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ትኩረቱን ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር የሚያስችል ካሜራ በ2012 ለገበያ አቅርቦ ነበር። በ2017 መጨረሻ ሰዎች እነዚያን ፎቶዎች የሚያስቀምጡበትንና የሚያሳዩበትን አገልግሎት ዘጋ፤ በ2018 ራሱም ተዘጋ። ካኖንም አይሪስታ የሚባለውን የፎቶ ማስቀመጫ በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ዘግቶታል።

ኩባንያዎቹ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር መረጃ እንደሚያሳየው በ2010 ወደ ገበያ የተላከው ዲጂታል ካሜራ ከ121 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2020 ግን 9 ሚሊዮን አልሞላም። ሞባይሉ በላው። እንዲህ በወደቀ ገበያ ውስጥ የአሥር ዓመት ዕቃ መለዋወጫ በመጋዘን ይዞ መቀመጥ ወጪ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ግን የሚሄዱበት ወግ አለ፤ በወግ የሄዱም አሉ። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራ ሥራ ሲወጣ ለሶኒ አስረክቦ ነው፤ የሚኖልታ ሌንስ የነበረው ሰው በሶኒ ቦዲ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ኦሊምፐስ ከ1936 ጀምሮ የሠራበትን የካሜራ ሥራ በ2021 መጀመሪያ ላይ ሲለቅ ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ ሰጠው፤ ካሜራዎቹ ዛሬም ኦኤም ሲስተም ተብለው ይመረታሉ። ካኖን የመጨረሻውን የፊልም ካሜራ ኢኦኤስ-1ቪን በ2018 መሸጥ ሲያቆም ጥገናው እስከ ኦክቶበር 2025 ድረስ እንደሚቆይ ቀኑን ቆርጦ ተናገረ። ሰባት ዓመት! ገዢውን ያከበረ ኩባንያ ማለት እንዲህ ነው፤ እንደሚቻልም አሳይተውናል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ይህ ሁሉ እዚህ የሚያሳምመን በአንድ ምክንያት ነውና። ከዱባይ በሻንጣ፣ ከዋሽንግተን በዘመድ እጅ የሚመጣልን ካሜራ አብዛኛው ያገለገለ ነው። አንዱ አገር የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ተጠቅሞበት አዲስ ሲገዛ አሮጌው ወደ እኛ ይመጣል። በኩባንያው መዝገብ ያ ካሜራ አርጅቷል፤ የመለዋወጫው ዘመን ሊያበቃ ተቃርቧል። እኛ ጋ ግን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። ስቱዲዮ የሚከፍት ወጣት ብድር ገብቶ የሚገዛው እሱን ነው። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ የሚቀረጸው በእሱ ነው፤ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ የመታወቂያ ፎቶው ሁሉ በእሱ ነው። አምራቹ የጨረሰውን ዘመን እኛ ስንጀምረው ሸተሩ የሚቆጥረው ቁጥር ወደ ማለቂያው ይደርሳል፣ ባትሪው ይነፋል፣ ጎማው ይላላል። መለዋወጫ የምንፈልገው እነሱ ማምረት ባቆሙበት ሰዓት ነው።

እኔ ራሴ ሸተሩ የቆመብኝን ካሜራ ይዤ ለአምራቹ ኩባንያ ጽፌ ነበር። መልሱ ትሕትና የተሞላ ነበር፤ በእርስዎ አገር አገልግሎት አንሰጥም፣ ዕቃው ወደተሸጠበት አገር ይላኩት የሚል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለምኜ ላክሁት። ወራት ቆይቶ ሳይከፈት ተመለሰ፤ ሞዴሉ ከጥገና ዝርዝር ወጥቷል ተባለ። ይህን መጀመሪያ በጻፍሁላቸው ጊዜ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። የካሜራው ቁጥር ደብዳቤው ላይ ሰፍሮ ነበርና። በዚያ መሀል ተከራይቼ ሠራሁ፤ የሰርጉ ክፍያ በኪራዩ አለቀ። ይህን ለሥራ ባልደረባ ሲነግሩት አይደነቅም፤ የራሱን ታሪክ ነው የሚያስከትለው።

ያኖሩን ጠጋኞቻችን ናቸው። ከሞተ ካሜራ ሸተሩን ፈትተው ሌላውን ያስነሳሉ፤ የሥራ መመሪያ ሳይኖራቸው፣ ከሞከሩትና ከተበላሸባቸው እየተማሩ። ካሜራዬን በመጨረሻ ያየልኝ ሰው «ወንድሜ፣ ዕቃው ቢገኝ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ዕቃው ተገኝቶ እንኳ ሌላ አጥር አለ፤ ሴንሰር ወይም የሌንስ አፍ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል ይፈልጋል፣ የማስተካከያው ሶፍትዌር ደግሞ በኩባንያው እጅ ብቻ ነው። የጥገና መመሪያውም እንዲሁ። የሶፍትዌር ማሻሻያ ከተጫነበት በኋላ ሌላ ኩባንያ የሠራውን ባትሪ አልቀበልም የሚል ካሜራም ገጥሞናል። ኦሪጅናሉን እንዳንገዛ አያመጡትም፣ ተመሳሳዩን እንዳንጠቀም ይከለክሉናል። ቤቱን ሸጦ ቁልፉን ይዞ እንደጠፋ ሰው ነው የሆኑብን።

በሌላው ዓለም ሕግ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አምራች፣ ሞዴሉን ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት መለዋወጫ፣ መሣሪያና መመሪያ እንዲያቀርብ ታስገድዳለች። ሕጉ የሚሸፍነው ግን ከጁላይ 2021 ወዲህ የተሠራውን ነው፤ እኛ አንገት ላይ ያለው አብዛኛው ካሜራ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የጥገና መብት ሕግ አውጥቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክና ታብሌት አሉ። ካሜራ የለበትም። ለምን እንደተዘለለ አይገባኝም፤ ሰው እንጀራ የሚበላበት መሣሪያ ከልብስ ማጠቢያ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ካሜራ አምራቾች፣ እስከ ዘላለም ጠግኑልን አላልንም። ሞዴሉን ስትሸጡ መለዋወጫው እስከ መቼ እንደሚገኝ ካርቶኑ ላይ ጻፉልን። ስታቆሙ የጥገና መመሪያውንና የማስተካከያውን ሶፍትዌር ለሁሉም ክፈቱት፤ ለእናንተ ከእንግዲህ ገንዘብ የማታገኙበት ምስጢር ነው፣ ለእኛ ጠጋኞች ግን ሥራ ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረውን መለዋወጫ ከምትጥሉት ለሚፈልገው ሽጡት፤ በዋጋው እንገዛለን። ካሜራ ከውጭ የምታመጡ ነጋዴዎቻችንም የምትሸጡት ሞዴል ጥገናው የቆመ መሆን አለመሆኑን አጣርታችሁ ለወጣቱ ገዢ ቀድማችሁ ንገሩት። ያ ልጅ የሚከፍላችሁ የተበደረውን ገንዘብ ነው።