አክተር አይሞትም፣ ቪዲዮ ቤት ግን…

ለቀስተኞች ሆይ፣ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሟችም በሕይወት ሳሉ ለአራት ሰው በተሠራች አግዳሚ ላይ ስምንት ሰው ያስቀመጡት በዚሁ ቃል ነበር።

ሟች የኮልፌው ቪዲዮ ቤታችን ከአባታቸው ከአቶ ዴክ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሴት ከአጣና ተራ ጀርባ ተወለዱ። ስለ ትምህርታቸው ዝም ልበል፤ ተማሪ ሲያስቀሩ እንጂ ሲማሩ ያየ የለም። ደግነታቸውን ሌላ ሰው ያውራ። እኔ የቆምኩት ስለ አንዲት አመላቸው ነው፦ ፊልም አይጨርሱም ነበር።

ያንን የፍራንኮ ኔሮን ካውቦይ መቼም አትረሱትም። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ጃንጎ 7» ተብሎ ተጽፏል። ጃንጎ አልነበረም፤ ሉቺዮ ፉልቺ በ1966 እ.ኤ.አ. የሠራው «ቴምፖ ዲ ማሳክሮ» ነው። በዚህስ አልፈርድባቸውም፣ ጀርመኖችም የጃንጎን ስም ለጥፈውበት ነው ለገበያ ያወጡት። ፉልቺ ማለት ያ በ1979 በ«ዞምቢ 2» ሬሳ ከመቃብር እያስነሳ ዓለምን ያስበረገገው ሰውዬ ነው። (ዛሬ ቢኖርልን ለሟች ይበጃቸው ነበር።) ጭካኔው ገና በካውቦዩ ያስታውቃል፤ ፊልሙ ሲከፈት ሰው በውሻ ይታደናል። የቴሌቪዥኑ ውሾች ሲጮኹ የሰፈሩ ውሾች ከውጭ ይመልሱላቸዋል።

ቀጥሎ ነጭ በነጭ የለበሰው የባለጸጋው ልጅ ኔሮን በድግስ መሃል በጅራፍ ይገርፈዋል። ደም በደም! ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ «አክተር አይሞትም!» እያለ በቀሉን ሲጠብቅ፣ ሟች ስክሪኑን ጭረት በጭረት ያደርጉታል። የዴኩ ሄድ ቆሽሿል። በሽቶ ተወልውሎ እስኪመለስ የኛ ሰዓት ያልቃል፤ «ነገ ኑ፣ ከዚህ ይቀጥላል!» ነገ ስንመጣ ካሴቱ ተከራይቶ ሄዷል፣ ወይም መብራት የለም። ኔሮ እንደተገረፈ ቀረ። ስንቶቻችን በሱ ፈንታ ተበሳጭተን ሰፈር ውስጥ ጠብ አንስተናል!

አለመጨረስ የሰፈራችን ጠባይ ነው እንዳልል እፈራለሁ። በ1954 ዓ.ም ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ተኩስ ሊማር መጥቶ፣ ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። እሱ ግን መጨረሻውን ሌላ ቦታ ሄዶ አገኘው።

እኔም በቀደም ስልኬ ላይ አገኘሁት። ኔሮና ያ ሰካራም ወንድሙ፣ ጆርጅ ሂልተን፣ ጎን ለጎን ሆነው ሲያርከፈክፉት! ተኩሱ ያምራል። ግን ማንም «ከኋላህ!» ብሎ አልጮኸም፤ ቆሎ የሚዘግንልኝም አልነበረም። ለካ የምጠብቀው መጨረሻውን ብቻ አልነበረም። ይቅርታ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ገዳያቸው ዲሽ ነው የሚል አለ፣ ስልክ ነው የሚልም አለ። እነሱ አደከሟቸው እንጂ አልገደሏቸውም። የገደለው ያ አንድ ጠዋት ግድግዳቸው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ የሄደው ነው። ማንነቱን አልጠራም፣ ድንኳኑ ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ንፍሮ ይቅረብለት። ሟች ዕድሜ ልካቸውን ያቃታቸውን እሱ ቻለበት፦ ጀመረ፣ ጨረሰ፣ አንድ ቆርቆሮ አላስተረፈም።

የእድሩ ማስታወቂያ አለኝ። ሟች የፊልም መጨረሻ ያስቀሩባችሁ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ክፍያው በሟች ደንብ መሠረት ነገ ነው።