ሐኪም ግራ የማጋባት ጥበብ

ኳስ ሜዳ ላይ ክርን ያገኘዎት፣ ደረጃ ያዳለጠዎት ወይም ከሞተር ሳይክል የወደቁ ውድ አንባቢ ሆይ! የፊት ጥርስዎን ያለ ጥርጥር ማጣት ከፈለጉ የሚከተለውን ምክር ይስሙ።

አንደኛ፣ ምንም ይድረስብዎት ምን «ጥርሴ ተነቃነቀ» ብለው ዝም ይበሉ። ሲነካ ብቻ የሚያምና ንቅንቅ የማይል ጥርስ ጉዳቱ ቀላል ነው። ቢወዛወዝና ድዱ ቢደማም ቦታውን እስካልለቀቀ ድረስ ብዙ አያሰጋም። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ያረጋጋዎታል፤ ስለዚህ አይንገሩት።

ሁለተኛ፣ ከጎረቤቶቹ ረዝሞ የተንጠለጠለውንም፣ ወደ ምላስ ያዘመመውንም፣ ድድ ውስጥ የሰመጠውንም በአንድ ስም ይጥሩ። ያዘመመው ሥሩ አጥንት ውስጥ ስለሚቀረቀር ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይነቃነቅም፤ ሐኪሙ በመሣሪያ እጀታ ኳ ሲያደርገው የብረት ድምፅ ይሰጣል። እርስዎ ግን «ካልተነቃነቀማ ደኅና ነው» ብለው ቤትዎ ይቀመጡ። የረዘመው ወደ ቦታው ተመልሶ ለ2 ሳምንት፣ ያዘመመው ለ4 ሳምንት ያህል ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ እንደሚታሰር ማወቅ ምን ያደርግልዎታል? የሰመጠውንም «ወድቆ ጠፋ» ብለው ያውጁና ራጅ ከመነሳት ይልቅ መሬት ሲዳስሱ ይዋሉ።

ሦስተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ሥሩን ጨብጠው በሳሙና ይፈትጉት፤ በሶፍት ጠቅልለው ኪስዎ ይክተቱት። ሥሩን የሸፈኑት ሕያው ሕዋሳት በደረቅ ከ1 ሰዓት በላይ ስለማይዘልቁ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ዘመድ አዝማድ ያማክሩ።

ምናልባት ጥርስዎን የሚወዱ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ። የወለቀውን ቋሚ ጥርስ ከድድ በላይ በሚታየው ነጭ ክፍሉ ይያዙት፤ ከቆሸሸ በወተት ለቅለቅ አድርገው ወዲያው ጉድጓዱ ውስጥ ይመልሱት፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክሰው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሩጡ። መመለሱ ካቃተዎት ወተት ውስጥ ይዘውት ይሂዱ። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።

ሲደውሉም «ረዘመ»፣ «ዘመመ»፣ «ሰመጠ» ወይም «ወለቀ» ብለው ቁርጡን ይናገሩ። ከእነዚህ አንዷ ከሰው ሠራሽ ጥርስ በእጅጉ ትረክሳለች።