በአቦልና በበረካ መካከል፦ የካቶሊክን ትምህርት በእርጋታ ስለመወያየት የተደረገ የካዛንቺስ ጥናት

ስለ ካቶሊክ ትምህርት ተረጋግቶ መነጋገር ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ታሪካችን የሰጠው መልስ ብዙም አያበረታታም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚያ ዘመን ክርስቲያኑ ደገኛ ቡና አይጠጣም ነበር። ጥናታችን በሁለቱ ነገሮች መካከል ዝምድና እንዳለ አጥብቆ ይጠረጥራል።

መስኩ ቂርቆስ ውስጥ ካዛንቺስ የነበረ አንድ ግቢ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ረከቦት ዙሪያ አንድ ካቶሊክ ጎረቤት ከተገኘ ቫቲካንን ብቻውን ወክሎ ይመልሳል።

አቦል ላይ የሚነሳው የፓፓው አለመሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የቫቲካን ጉባኤ የወሰነው፣ ፓፓው በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ጉዳይ ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን በመንበራቸው ሥልጣን ሲያውጁ አይሳሳቱም ብሎ ነው፤ ከዚያ ውጪ እንደማንኛችንም ናቸው። ይህን «ድፍረት ነው» የሚሉት የተዋሕዶው ጎረቤት ጋሼ ግን በኳስ፣ በዶላርና በሰው ልጅ ጋብቻ ያለ ምንም ጉባኤ አይሳሳቱም።

ቶና ላይ ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ቦታ ይመጣል። ጎረቤታችን እትዬ «እንዲህ ያለ ቦታ የለም» ብለው ይቆርጡና፣ ለባለቤታቸው አርባ ስንት ቄስ እንደሚጠሩ ያማክራሉ። ካቶሊኩ ሰምቶ ዝም ይላል። በሳይንሳዊ አነጋገር እርጋታ የሚባለው ይኸው ነው።

በረካ ላይ የሚደርሰው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፦ ስምምነት። እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚለውን ትምህርት ፓፓ ፒዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1854 አውጀዋል። ጋሼም «ጥንተ አብሶ የለባትም» ብለው ለመማል ዝግጁ ናቸው። ሁለቱ አንድ ነገር መናገራቸው ሲገለጥ ከባድ ዝምታ ይወርዳል፤ የሚሰበረውም ጴንጤው የጋሼ የእህት ልጅ ከገባ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሮማና ተዋሕዶ በአንድ ግንባር ይሰለፋሉ።

ድምፅ ከፍ ካለ ቡና አፍዪዋ «ቅመሱ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ትላለች። እ.ኤ.አ. በ451 ኬልቄዶን ላይ ይህን የሚል ሰው አልነበረም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተጣሉት ወገኖች ለመቀራረብ ብዙ ዘመን ፈጀባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ፓፓ ጳውሎስ 6ኛና የግብፁ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ዜናው ግቢያችን አልደረሰም።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ጋሼና ካቶሊኩ የተለያየ ሕንፃ ስለደረሳቸው ክርክሩን በስልክ ያዙት። በስልክ «ቅመሱ» የሚል የለምና አሁን ተኮራርፈዋል።