ባለ ሲባጎው ፒክአፕ
አንድ ቶን ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ፣ የኋላ በሩን ለመክፈት ሲባጎ ይለምናል። እጀታው ተሰብሯላ! ባለቤቱ ግን ንብረታቸውን አልበደሉም፤ አዲስ ስፒከርና የመሪ ልባስ ገዝተውለታል። መካኒኩም በሩቁ አየት አድርጎ "በሩ ሙሉውን ካልተቀየረ አይሆንም" ሲል ፈረደ። ሐኪም ቢሆን ኖሮ ጥፍሩን ላመመው ሰው እግር ይቆርጥ ነበር። የውስጡን ክዳን ፈትቶ ለማየት ማን ይድከም? እጀታው የሚስበው ግራና ቀኝ ወዳሉት መቆለፊያዎች የሚሄዱትን ዘንጎች ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም እሱ ራሱ፣ አለዚያም ዘንጉን የያዘችው ሚጢጢ ፕላስቲክ ናት። እስቲ በሩን ከማስለወጥዎ በፊት የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብቅ ብለው እጀታ ብቻ ይጠይቁ፣ ጌታዬ፤ ሲባጎውም ለዕቃ ማሰሪያ ይፈለጋል።