ፈረቃና ባልዲ፦ በአዲስ አበባ ቤቶች የውሃ ቁጠባ ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ውሃ የሚቆጠበው መቼ እንደሆነ መመርመር ነው። ከጥናቱ በፊት የነበረው መላምት «ሲጠፋ» የሚል ሲሆን፣ ጥናቱም ይህንኑ በብዙ ድካም አረጋግጧል።

ለታሪካዊ ዳራ ያህል፣ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ የሳበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገፈርሳ፣ ለገዳዲ፣ ድሬና የአቃቂ ጉድጓዶች ተጨምረዋል። የሁሉም ድምር እኛ ሰፈር የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱም በፈረቃ።

የጥናቱ ዋና መሣሪያ ቢጫ ጀሪካን ነው። 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ከቦኖ እስከ አራተኛ ፎቅ የተሸከመ ሰው የቁጠባ ሥልጠና አያስፈልገውም። ጀሪካኖቹ በግድግዳ ጥግ የሚሰለፉት በማዕረግ ነው፦ የመጠጥ፣ የቡና፣ የወጥ፣ የሰሃን። ክዳኑ ላይ ክር የታሰረበት ግን ጸበል ነው። አንድ የጥናቱ ተሳታፊ (ለክብሩ ሲባል ስሙ አልተጠቀሰም፤ የቤቱ አባወራ ነው) ክሩን ሳያይ ሽሮ ሠርቶበታል። ሽሮው ተበልቷል፤ የተመዘገበ ፈውስ የለም።

ዋናው ግኝት የአንድ ባልዲ ውሃ የአገልግሎት ዘመን ነው። ነጭ ልብስ ያለቀለቀ ውሃ ወዲያው ጡረታ አይወጣም። ባለ ቀለሙ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ ቀጥሎ ካልሲ፣ ቀጥሎ የወለል መወልወያ፤ በመጨረሻም ሽንት ቤት ተደፍቶ ግዳጁን ይፈጽማል። የቆዩ የሽንት ቤት ገንዳዎች በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ እንደሚለቁ የሚያውቅ ሰው የካልሲ ውሃን አይንቅም። የምስር እጣቢ ከዚህ ተዋረድ ውጭ ነው፤ ጤና አዳም ሥር ይፈስሳል። እናቶች ይህን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ያለ አንዳች ሰነድ፣ በዓይን ጥቅሻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግኝት አጥኚውን ግራ አጋብቷል። «ውሃ መጣች!» የሚል ጩኸት በተሰማ ማግስት፣ ትናንት ፊቱን በአንድ ኩባያ የታጠበው ሰው መኪናውን፣ ከዚያ የመኪናውን ምንጣፍ፣ ከዚያም የመንግሥትን አስፋልት ያጥባል። ሳምንት ሙሉ በስስት የተጠበቀው የበርሜል ውሃ «አሮጌ ነው» ተብሎ ይደፋል፤ በምትኩ አዲስ ይቀዳል። የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ከተሰበረ ስለቆየ፣ ትርፉ ከጣሪያ ሲወርድ ያድራል። ቆጣሪው ግን ተግቶ ይሠራል፤ ውሃው ከመድረሱ በፊት ቧንቧው በሚተፋው አየርም ይዞራል።

የክረምቱ ነገር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ከተማዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 60,000 ሊትር፣ ማለትም 3,000 ጀሪካን ይወርዳል። በተመለከትነው ግቢ አሸንዳው የተገጠመው አፉን ወደ ጎረቤት አጥር አዙሮ ነው። ከዚህ ሁሉ ውሃ እስካሁን የተገኘው ብቸኛ ምርት ክስ ነው።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው የተለመደ መደምደሚያ እዚህ አይሠራም። ኳሱ ይቀየር፣ አሸንዳው ወደ በርሜሉ ይዙር፤ የጸበሉ ጀሪካንም ከወጥ ቤት ይውጣ።