ካፕሱል መትከያን ተሳስቶ የመምረጥ ምክር

በአሜሪካ አገር ተቀምጦ፣ በዒላማ ሜዳ የተኮሰውን ቀለህ እየሰበሰበ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን አዲስ ካፕሱል እየተከለ፣ ባሩድና ዓረር እየጨመረ ዳግመኛ ጥይት ለሚያደርግ የላምበረት ተወላጅ ወንድሜ ይህን የፌዝ ምክር እጽፋለሁ፤ በአገራችን የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ የሚተዳደር እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ በየጓዳው የሚያዝ አይደለምና። ቃሉ ፌዝ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ ከልቤ ነው፤ የጥፋቱን መንገድ የማሳይህ፣ ካፕሱል መትከያ የእጅ መሣሪያ ስትገዛ ዓይንህና ጣትህ እንዲተርፉልህ ስለምሻ ነው።

እንግዲህ መሳሳት የወደደ ሰው አስቀድሞ የቀለሁን ዘር፣ ቦክሰር ይሁን በርዳን፣ አይመርምር። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬንና ብዙ የዐፄ ቴዎድሮስን ጀግኖች የጣለው የእንግሊዝ ስናይደር ጠመንጃ፣ ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ያወጣውን ጥይት የሚጎርስ ነበር፤ እኛ በደም የተዋወቅነው ያ ስም ዛሬ በጠረጴዛህ ላይ ያለችው ካፕሱል መጠሪያ ሆኗል፤ ይህንንም ሳስብ ልቤ ይከብዳል። የቦክሰር ቀለህ በመካከሉ አንዲት የእሳት ቀዳዳ ብቻ ስላለችው የተተኮሰው ካፕሱል በቀጭን መርፌ ተገፍቶ ይወጣል፤ የአሜሪካዊው የሂራም በርዳን ቀለህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳዎችና ከራሱ ከቀለሁ ጋር የተሠራ ጉብታ አለውና፣ ሳይለይ የጀመረ ሰው መርፌውን ይሰብራል። 5.33 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ትልቁን ካፕሱል 4.45 ሚሊሜትር ከሆነው ትንሹ፣ የጠመንጃውንም ከሽጉጡ አለመለየት የዚሁ ስንፍና ታናሽ ወንድም ነው።

ዋናው ስህተት ግን ከዚህ ይመጣል፤ እጀታው እጅግ የረዘመውን፣ ጉልበቱ የበዛውን መሣሪያ ምረጥና ከአምስቱ ሕዋሳት መዳሰስን ከራስህ ንፈግ። ካፕሱል በቀለሁ መቀመጫ ውስጥ ገብታ ከገጹ በታች በአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ገደማ ዝቅ ማለት ይገባታል፤ ይህችን ጥቂት ጥልቀት ዓይን በሚገባ አያያትም፣ መዳፍ ግን መሠረቷን ስትነካ ያውቃታል፤ መልካም የእጅ መሣሪያ የሚገዛውም ለዚህች እውቀት ነው። ከፍ ብላ የቀረች ካፕሱል አንድም የጠመንጃው መርፌ ምት ወደ ውስጥ ሲገፋት ጉልበቱ ያልቅና ጥይቱ ሳይተኮስ ይቀራል፤ አንድም፣ ይህ የከፋው ነው፣ ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ ውስጥ ቃታ ሳይሳብ በመዝጊያው ምት ብቻ ትነድና ጥይቱ ባልታሰበ ሰዓት ይተኮሳል።

ከዚያም ብዙ ካፕሱል በአንድ ትሪ የሚይዘውን፣ በምትጫነውና በቀሩት መካከል ምንም ግድግዳ የሌለውን ግዛ። አንዲቱ ብትነድ እሳቱ ወደ ጓደኞቿ ይሻገራል፤ አርሲቢኤስ የተባለው ፋብሪካ በእጅ መሣሪያው ላይ የመከላከያ በር የሠራውም ለዚህ ነው። መመሪያውንም አታንብብ፤ የትኛው ፋብሪካ ካፕሱል በየትኛው ትሪ እንዳይገባ የተከለከለው እዚያው ተጽፎ ሳለ። እኔስ አንድ በአንድ የሚተክለውን ዘገምተኛ መሣሪያ ብትይዝልኝ፣ የዓይን መነጽርህንም ብታደርግ እመርጥ ነበር።

በመጨረሻም የተከልኸውን አትፈትን። ካፕሱል የገባበትን ቀለህ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ በመቀመጫው ብታቆመው፣ ካፕሱሏ ከፍ ብላ እንደ ሆነ ይንገዳገዳል፤ የተንገዳገደውንም ባሩድ ሳይገባበት ለይተህ ታኖራለህ።