ወይዘሮ መጥረጊያ ጡረታ ሊወጡ ነው

ከተማችን ደብረ ወርቅን ሰሞኑን ከባድ ጉዳይ ገጥሟታል። የማዳበሪያ ነገር አይደለም፤ የጤፍ ዋጋም አይደለም። እነዚያን ሰው ለምዷቸዋል። ጉዳዩ ቫኪዩም የምንለው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ሁለት ዓይነት ሆኖ መምጣቱ ነው። ባለ ገመድ አለ፤ ባለ ባትሪም መጥቷል። ባለ ባትሪው ባለ ገመዱን ከቤት ያስወጣዋል ወይስ አያስወጣውም በሚለው ላይ የከተማችን ወንዶች ከምሳ በኋላ ተቀምጠው እስኪመሽ ይከራከራሉ። አንዱ ስለ ዋት ያወራል፤ አንዱ ስለ ሊቲየም፤ ሌላው «አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ እንደነገረኝ» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርስ ይቋረጣል። ከተከራካሪዎቹ መካከል በዕድሜው ወለል ጠርጎ የሚያውቅ አንድም የለም። ይህም ለክርክሩ ጥራት በጅቷል፤ የሚያውቅ ሰው ሲገባበት ጨዋታ ይበላሻል።

እኔ የማሽን ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ማሽኑ ምን ያህል እንደተከበረ ለማሳየት አንድ ሳሎን ላስጎብኛችሁ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ በሊሾው ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከዚያ በላይ ወፍራሙ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በግድግዳው ዙሪያ መጅሊስ ተዘርግቷል። ቡፌው ውስጥ ከሠርግ ወዲህ ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች አሉ። በቡፌውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለ ባትሪው ቫኪዩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የፋብሪካው ላስቲክ ከላዩ አልተነሣም። እጀታው ላይ የቤቱ እመቤት በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ጣል ብሎበታል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርታለች፤ «ጠግቤያለሁ» ማለቷ ነው። እንግዳ ይገባል፣ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ባለቤቱ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ዳንቴሉን ገልጦ ያወርደዋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ማሽኑ ዝዝ ይላል፣ እንግዳው «አቤት!» ይላል፣ ማሽኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። የዕለቱ ጽዳት ተጠናቀቀ። በዚያው ሰዓት በጓዳ በኩል ሠራተኛዋ ወገቧን አጥፋ የምትጠርግበት ድምፅ እንግዳውን እንዳይረብሽ በሩ ገርበብ ይደረጋል።

የባለ ገመድ ወገን በከተማችን የተዳከመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ ገመድ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ 220 ያጎርሳል። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው የሚያየው ይህን ነው፦ ሞተሩ ከተፈጠረለት በላይ ይጮኻል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ጸጥ። ከመሞቱ በፊት ባለችው አፍታ ግን ከየትኛውም ባለ ባትሪ በላይ እንደሳበ ወገኖቹ እስከ ዛሬ በኩራት ይመሰክሩለታል። የባለ ባትሪው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከዚህ ዕጣ ይተርፋል። ይህ የምር ብልጫ ነው፤ እዚህ ላይ አላሾፍኩም። በጉዞም ቢሆን ክብሩ ለብቻው ነው። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ እንዳይገባ የአውሮፕላን ደንብ ስለሚከለክል ባትሪው ከሰው ጋር ተሳፍሮ ቦሌ ይወርዳል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፣ በደጀንና በብቸና አድርጎ ደብረ ወርቅ ሲገባ ከዘመዱ እኩል «እንኳን ደህና ገባህ» ይባላል።

ወደ ወለሉ እንውረድ። ተከራካሪዎቹ የሚያወሩት ስለ ሳሎኑ ብቻ ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ፣ ከከተማውም ውስጥ ቢሆን ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ፣ ወለሉ አፈር ነው፤ በእበት የተለቀለቀ። ማሽኑ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ቆሻሻው የት አልቆ ወለሉ የት እንደሚጀምር የነገረው የለም። ባለ ገመዱን ለቀቅ ብታደርጉት ልቅላቂውን ፈቅፍቆ፣ አፈሩን ጠርጎ፣ በሳምንቱ ቤታችሁን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። ባለ ባትሪው በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ወለሉን ሳይጨርስ ባትሪው ያልቃል።

ቡና ሲፈላ ደግሞ ሌላ ነው። ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፣ ፈንዲሻ እንበትናለን። የማሽኑ ተሽከርካሪ ብሩሽ ቄጤማውን ሲያገኝ ዙሪያውን ይጠመጠምበታል፤ መቀስ ይዞ ተንበርክኮ እየቆረጡ ማውጣት ነው። ፈንዲሻው ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። እናቶቻችን አቧራው እንዳይነሣ ወለሉን ውሃ ረጨት ረጨት አድርገው ነው የሚጠርጉት፤ ለደረቅ የተሠራ ማሽን ደግሞ እርጥብ ነገር ሲገባበት ፊልተሩ ይላቁጣል። ክረምታችን ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ስለሆነ ማሽኑ የበጋ ሠራተኛ ነው ማለት ነው። በክረምት ዓመታዊ ፈቃድ ይወጣል፤ ወይዘሮ መጥረጊያ ይተኩታል።

ስለ ጉልበት ክርክሩ ሲጦፍ ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር አለ። ደብረ ወርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቫኪዩም አቧራውን ጎትቶ አያነሣም፤ በውስጡ ያለውን አየር ያሳሳል፣ የውጭው አየር አቧራውን እየገፋ ያስገባለታል። ገፊው ሲደክም ሳቢ የተባለውም ይደክማል። ባለ ገመድ ሆነ ባለ ባትሪ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት ይዞ ደጋ አይወጣም። ይህን ለአንድ የባለ ገመድ ጠበቃ ብነግረው «እኛ ደገኞች ነን፤ አቧራችንም ቀላል ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ለነገሩ ማሽኑ ከተወለደ ጀምሮ ለታይታ ነው። እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው የመጀመሪያው ባለ ሞተር ቫኪዩም በፈረስ የሚጎተት፣ ከቤት ውጭ መንገድ ላይ የሚቆም፣ ቱቦውን በመስኮት የሚያስገባ ግዙፍ ነገር ነበር። የለንደን ባለጸጎች ማሽኑ ቤታቸው ሲመጣ እንግዳ ጠርተው ሻይ እየጠጡ ያዩት ነበር፤ አቧራው ሲያልፍ እንዲታይም ከቱቦው ከፊሉ ግልጽ ተደርጎ ነበር። የዛሬው ባለ ባትሪ ሆዱ እንደ መስታወት ግልጽ የሆነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? የሰው አቧራ ማየት ክብር ነው። የራስን ማሳየት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

አንድ ሰው ብቻ ይህን ሥርዓት አፍርሷል። ጄምስ መሪ ስፓንግለር ይባላል፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ የመደብር ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ሲጠርግ የሚነሣው አቧራ አስሙን ይቀሰቅስበታል። ቢቸግረው የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ በእጅ የሚያዝ ማሽን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የባለቤትነት መብት አገኘበትና ሁቨር ለተባለ ነጋዴ ሸጠው። ልብ በሉ፤ ማሽኑን የፈጠረው መጥረግ ያሳመመው ወንድ ነው። የእኛዎቹ ወንዶች እስካሁን ምንም ያልፈጠሩት ጤነኞች ስለሆኑ ነው። ለዚህ ጤንነታቸው ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አቧራውን የምትውጥላቸውን ሴት ማመስገን ይገባቸው ነበር፤ ግን ክርክር ላይ ናቸው።

እንግሊዛዊው ዳይሰን ደግሞ አለ። ከረጢት የሌለውን ቫኪዩም እስኪያሳካ 5,127 ናሙና ሠራ ይባልለታል፤ ጽናቱ በየክርክሩ ይጠቀሳል። በእነዚያ ዓመታት ሥነ ሥዕል እያስተማረች ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ግን አትጠቀስም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ከእንግዲህ አዲስ ባለ ገመድ አልሠራም ማለቱ እዚህ ሲሰማ የከተማችን የባለ ባትሪ ወገን ድል የነሣ ያህል ፎከረ። ባለ ገመዶቹ ያኔ ያነሡት መከራከሪያ ሚዛን ይደፋል፤ አልክድም። የባለ ገመዱ ሞተር ካርቦኑ ቢያልቅ ከተማው ውስጥ ያለ ጠጋኝ ይቀይርለታል፤ ገመዱ ቢበጠስ በስኮች ቀጥሎ ያሠራዋል። ሊቲየም ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ ምትኩን ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዱባይ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ማሽኑ ይሞታል። ቢሞትም ግን ከግድግዳው አይወርድም፤ ዳንቴሉ አለ።

የመብራትን ነገር ማንሣት አልፈልግም ነበር። ጎጃምን ዓባይ ዙሪያዋን ይዟታል። ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም.፣ በለስ በ2002 ዓ.ም. ማመንጨት ጀመሩ፤ 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን ሁሉ ውሃ የሸኘ አገር ሰው መብራት ሲጠፋበት አይከፋውም፤ ሰጪ እጅ ነው። ሲጠፋ ባለ ገመዱ ባለበት ይቆማል። ባለ ባትሪው ይሠራል፤ አስቀድሞ ከተሞላ። ሲመጣ ደግሞ ልጆች «መጣ!» ብለው ጓሮው ድረስ ይጮኻሉ፣ ሰልፉ ይጀመራል፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ምጣድ። ምጣዱ ለብቻው ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ በዚያ ላይ ባለ ገመዱን የሰካ እንደሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡ ምጣድ ላይ ይቀራል፣ የቫኪዩሙም ጉዳይ በእመቤቲቱ አንድ እይታ ይዘጋል።

አንዳንዴ መብራቱ የሚመጣው እኩለ ሌሊት ነው። ማታ ቤት አይጠረግም፣ ሀብት ይወጣል ሲባል ያደግን ሰዎች ስለሆንን አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ መምጠጥ መጥረግ ነው ወይ? ነገሩ ለአንድ መሪጌታ ቀረበላቸው። አሰብ አድርገው «መጥረጊያ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ይኼኛው ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ስለዚህ ሀብታችሁ አይወጣም። ጠዋት ስትደፉት ግን እያያችሁ ድፉት» አሉ። በቅኔ አገር መኖር ለዚህ ይጠቅማል።

ፍርድ ስጥ ከተባልኩ እሰጣለሁ። ለሊሾና ለፕላስቲክ ምንጣፍ ባለ ባትሪው ይበቃል። መጅሊስና ወፍራም ምንጣፍ ውስጥ የሰረገ አቧራ ግን ጉልበቱ ሳይቀንስ የሚቆይ ማሽን ይፈልጋል፤ ባለ ባትሪው በሙሉ ኃይሉ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይዘልም። እዚህ ላይ ክርክሩ ማለቅ ነበረበት። ያላለቀው ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ መጥረጊያ በጡረታ እንዲሰናበቱ የተፈረደባቸው አንድ ከባድ ጉድለት ስላለባቸው ነው፤ ሰበብ የላቸውም። ባትሪዬ አለቀ አይሉም። መብራት ጠፋ አይሉም። ፊልተሬ ታጥቦ ሃያ አራት ሰዓት ይድረቅልኝ አይሉም። ከአልጋ ሥር ይገባሉ፣ ከእህል ጎታ ጀርባ ይደርሳሉ፣ ጭቃ ሆነ ገለባ አይመርጡም። የያዛቸው ሰው ሥራው ሳያልቅ የሚያቆምበት ምክንያት አያገኝም። ስለዚህ ለወንድ አይመቹም፤ ስለዚህ ለሴት ተሰጡ። ባለ ገመዱም ቢሆን መብራት እስካለ ድረስ ሰው የሚያደክም ክፉ ነገር ነው። ባለ ባትሪው ግን ለአባወራ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ጀግንነት አለው፣ ድምፅ አለው፣ በእጅ ሲያዝ ጠመንጃ ይመስላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በክብር ያልቃል።

የፋሲካ ዋዜማ ዕለት አባወራው «ዛሬ ቤቱን እኔ አጸዳዋለሁ» ብሎ ተነሣ። ዳንቴሉ ወረደ፣ ልጆች ተሰበሰቡ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ገፋውና የሳሎኑን ምንጣፍ መካከል፣ እንግዳ ሲገባ የሚታየውን፣ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰበት። ሆዱ ውስጥ የተሰበሰበውን አቧራ ለልጆቹ አንሥቶ አሳየ። ወደ መኝታ ቤቱ ሲያዞረው ማሽኑ ድምፁ ሰለለና ቀጥ አለ።

«የአልጋው ሥርስ?» አለች ሚስት፣ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ።

«ባትሪው አለቀ እኮ። ለመሙላት አራት ሰዓት ይፈልጋል» አለና መጅሊሱ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። «እስከዚያው ቡና አታፈሉም?»